ንጉሥ የሌለበት ካርታ፦ የሦስት ፖለቲካዊ መጫወቻ ካርታዎች ዳግም ኅትመት ሲገመገም

መጫወቻ ካርታ የሚታተመው እንዲበወዝ፣ እንዲታደል፣ በእጅ ላብና በፈሰሰ ቡና እንዲቆሽሽ፣ ሲያረጅም እንዲጣል ነው። በፖለቲካ ጉዳይ ላይ የተሣለ ካርታ ደግሞ ያወደሰው ወገን ሲወድቅ ወይም ያወገዘው ወገን ሲነሣ የሚፈልገው ሰው ስለማይኖር ዕድሜው ከሌላው ካርታ ይልቅ ያጥራል። ከዘመን ተርፈው ዛሬ ላይ የደረሱት እጅግ ብርቅ የሆኑትና እንደ ብሪቲሽ ሙዚየም ባሉ ተቋማት የሚጠበቁት በዚህ ምክንያት ነው፤ ብሪቲሽ ሙዚየም ካሉት ውስጥ ብዙዎቹ ሌዲ ሻርሎት ሽራይበር የተባለች እንግሊዛዊት በ19ኛው መቶ ዘመን አውሮፓን እየዞረች ሰብስባ የተናዘዘችለት ናቸው። ለእኔ ቢጤው ሰብሳቢ የቀረው ዳግም ኅትመቱ ነው።

በባሕር ዳር ይህን ዓይነት ካርታ የሚሸጥ ሱቅ አላገኘሁም። በሐይቁ ዳር ባሉት የስጦታ ዕቃ መደብሮች የሚገኘው በየኪዮስኩ የምናውቀው ተራ የፕላስቲክ ካርታ ነው። ስለዚህ ሦስቱን ጥቅሎች ያስመጣሁት ከውጭ በሚመጡ ዘመዶች ሻንጣ ሲሆን፣ ክረምቱን በሙሉ ከወዳጆቼ ጋር ስንጫወትባቸው ከርመናል። አንደኛው የፈረንሳይ አብዮት ካርታ፣ ሁለተኛው በ1679 ለንደን ውስጥ የታተመው “የጳጳሳውያን ሤራ” ካርታ፣ ሦስተኛው አሜሪካ በ2003 ለኢራቅ ዘመቻ ያዘጋጀችው የተፈላጊዎች ካርታ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የወረቀቱን ጥራትና የቀለሙን ድምቀት ማንም ገዢ በዓይኑ አይቶ ሊፈርድ ይችላል፤ እኔ ከዚያ በላይ የምጠይቀው ዋናው ካርታ የታተመበትን ክርክር ዳግም ኅትመቱ ይዞት መጥቷል ወይስ ሥዕሉን አስቀርቶ ክርክሩን አጥቦታል የሚለውን ነው።

የፈረንሳዩ ጥቅል ከሦስቱ ሁሉ ሀብታሙ ነውና ሰፋ አድርጌ ልየው። ንጉሥ ሉዊ 16ኛ በጃንዋሪ 1793 በጊዮቲን ከተገደለ በኋላ በፓሪስ ቡና ቤቶች “ንጉሡ በለጠ፣ ንግሥቲቱ ወደቀች” እያሉ ካርታ መጫወት ለአዲሱ ሥርዓት የማይመች ሆነ። ብዙዎቹ ካርታ አታሚዎች ቀላሉን መንገድ መረጡ፤ አሮጌውን የእንጨት ማተሚያቸውን አውጥተው ዘውዱንና በትረ መንግሥቱን ፍቀው ዘውድ አልባ ንጉሥ ማተም ቀጠሉ። ዦምና ዱጉርክ የተባሉት ሁለት ሽርካዎች ግን ጨዋታውን ከሥሩ እንደገና አሰቡት። የሥዕሉ ባለቤት ዣን ዴሞስቴን ዱጉርክ ከአብዮቱ በፊት ለቤተ መንግሥቱ የዕቃና የጌጥ ንድፍ ይሠራ የነበረ ሰው መሆኑ ደግሞ ነገሩን ይበልጥ አስገራሚ ያደርገዋል፤ ትናንት ለንጉሡ ወንበር ያስዋበ እጅ ዛሬ ንጉሡን ከካርታው አወጣው።

በእነዚህ ካርታዎች ላይ በአራቱ ንጉሦች ቦታ አራት “ጥበባት” ገብተዋል፤ የጦርነት፣ የሰላም፣ የኪነ ጥበብና የንግድ። በንግሥቶቹ ቦታ አራት ነጻነቶች አሉ፤ የእምነት፣ የጋብቻ፣ የኅትመትና የሙያ። በጋብቻ ነጻነት የታሰበው በአብዮቱ የተፈቀደው ፍቺ ነው። በጃኮቹ ቦታ ደግሞ አራት እኩልነቶች ተቀምጠዋል፤ የግዴታ፣ የመብት፣ የማዕርግና የቀለም። አሱ “ሕግ” ተብሏል። አስ ከንጉሥ እንደሚበልጥ ካርታ የያዘ ልጅ ሁሉ ያውቃል፤ አዘጋጆቹም ይህን የቆየ የጨዋታ ደንብ ወስደው ከጥበብ፣ ከነጻነትና ከእኩልነት በላይ ያለው ሕግ ብቻ ነው የሚል የመንግሥት ትምህርት አደረጉት። አንድ ደንብ እንኳ ሳይለውጡ ጨዋታውን የሪፐብሊክ ጨዋታ ማድረጋቸው ከሥዕሉም ይልቅ የሚደነቅ ብልኅነት ይመስለኛል።

ገዢው ጊዜ ወስዶ እንዲያየው የምፈልገው ካርታ የቀለም እኩልነት የተባለው ነው፤ በዳይመንድ ጃክ ቦታ ይገኛል። አንድ ጥቁር ሰው ጠመንጃውን ይዞ በቡና ጆንያ ላይ ተቀምጧል፤ የተሰበረ ቀንበር ከእግሩ ሥር ወድቋል፤ በአንድ ወገን የጦር ሰፈር፣ በሌላው የሸንኮራ አገዳ ይታያል፤ “ድፍረት” የሚል ቃልም ተጽፎበታል። የፈረንሳይ ብሔራዊ ሸንጎ በቅኝ ግዛቶቹ ባርነትን የሻረው በፌብሩዋሪ 1794 ሲሆን፣ ጆንያውና አገዳው የሚያስታውሱት በ1791 ባሪያዎቹ የተነሡባትን፣ በኋላም ሐይቲ የተባለችውን ሳን ዶሚንግን ነው። ናፖሊዮን በ1802 ባርነትን መልሶ ባወጀ ጊዜ የዚህ ካርታ ተስፋ በወረቀት ላይ ብቻ ቀረ፤ በናፖሊዮን ዘመንም ንጉሦቹና ንግሥቶቹ ወደ ካርታው ተመለሱ። ቤተሰቡ በዘጌ ቡና የሚለቅም አንድ ወዳጃችን ይህን ካርታ በተራው በሳበ ጊዜ ጨዋታውን አቋርጦ ጆንያውን ሲመረምር ቆየና “እኛ እስከ ዛሬ ተሸክመነው እንጂ ተቀምጠንበት አናውቅም” አለ፤ ያን ዙር የተሸነፈውም በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል።

ዳግም ኅትመቱ ይህን ሁሉ እንዴት አስተናግዶታል? አሳታሚው ሁለት ዓይነት ጥቅል ያወጣል፤ አንዱ ለሰብሳቢ፣ ሌላው ለተጫዋች ተብሎ የተዘጋጀ ነው። እኔ የገዛሁት የመጀመሪያውን ነው፤ አንድ ጓደኛዬ ደግሞ በርካሽ ዋጋ ሁለተኛውን አስመጥቷል። የሰብሳቢው ጥቅል ማዕዘኖቹ እንደ ጥንቱ ቀጥ ብለው የተቆረጡ ናቸው፤ ጀርባው ነጭ ነው፤ በማዕዘኑ ላይ ፊደልም ቁጥርም የለም። በማዕዘን ላይ ምልክት የማተም ልማድ የተስፋፋው በ19ኛው መቶ ዘመን በመሆኑ ይህ ትክክል ነው። የተጫዋቹ ጥቅል ግን ማዕዘኖቹ ክብ ናቸው፣ ጀርባው በሰማያዊ ጌጥ ተሸፍኗል፤ ከሁሉ የከፋው ደግሞ በጥበባቱ ራስጌ ንጉሥን፣ በነጻነቶቹ ራስጌ ንግሥትን የሚያመለክቱት የዛሬ ፊደላት በጉልህ ታትመውባቸዋል። ዦምና ዱጉርክ ከካርታው ያባረሩትን ንጉሥ አሳታሚው ለተጫዋች ምቾት ሲል በማዕዘን በኩል መልሶ አስገብቶታል። እንዲህ ያለውን ጥቅል ዳግም ኅትመት ብሎ መሸጥ አግባብ አይመስለኝም፤ ሥዕሉን የተዋሰ ተራ ካርታ ነው።

የሰብሳቢው ጥቅልም እንከን አያጣም። ጥንት የካርታን ቀለም የሚቀቡት በተቆረጠ ስቴንስል ላይ በብሩሽ እየመቱ ስለነበር ቀዩ ከልብሱ ጠርዝ ያልፋል፣ ሰማያዊው ክንድ ላይ ይፈሳል፤ ይህም በእያንዳንዱ ካርታ ላይ በተለየ መንገድ ይሆናል። በእኔ ጥቅል ላይ ያ መፍሰስ እንዳለ ተገልብጧል፤ ነገር ግን የስልኬን ካሜራ አቅርቤ ሳጎላው የታየኝ የብሩሽ ምልክት አይደለም፤ ተቀራርበው የተደረደሩ ጥቃቅን ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ ነጥቦች ናቸው። የዛሬ ማተሚያ ቤት ሥራ ነውና በዚህ አልፈርድም። የምፈርደው ወረቀቱን ሆን ብሎ ሻይ የፈሰሰበት አስመስሎ ማደብዘዙ ላይ ነው። በ1794 ከሱቅ የወጣ ካርታ ነጭ እንጂ ቡናማ አልነበረም፤ ዕድሜን በቀለም ማተም ገዢን ከማሞኘት አይርቅም።

ስለ ነጩ ጀርባ አንድ ነገር ልጨምር። ጀርባው ባዶ የሆነ ካርታ በጨዋታ ላይ ችግር አለው፤ አንዲት የጣት አሻራ ወይም የዘይት ጠብታ ካርታውን ለዘላለም ታሳብቅበታለች፤ በሁለተኛው ሳምንት የንግድን ጥበብ ከጀርባው ሁላችንም ለይተን አውቀነው ነበር። በሌላ በኩል ያ ባዶ ቦታ በዘመኑ ብዙ አገልግሎት ነበረው፤ ሰዎች ማስታወሻና የግብዣ ወረቀት አድርገው ይጽፉበት ነበር፤ በ1685 ደግሞ በዛሬዋ ካናዳ የነበረው የፈረንሳይ አስተዳደር ለወታደሮቹ የሚከፍለው ሳንቲም ቢያጥርበት መጫወቻ ካርታ ሰብስቦ ፈርሞበት እንደ ገንዘብ አሠራጭቷል።

ወደ እንግሊዙ ጥቅል ልለፍ። ይህ ካርታ በሥዕል ጥራት ቢሆን ከሦስቱ የመጀመሪያውን ቦታ ይይዝ ነበር። ንድፉን የሠራው እንስሳትንና አደንን በመሣል የታወቀው ፍራንሲስ ባርሎ ነው፤ እያንዳንዱ ካርታ በመዳብ ላይ ተቀርጾ የታተመ አንድ ትዕይንት ሲሆን፣ ከላይ የካርታው ምልክትና የሮማ ቁጥር፣ ከታች ደግሞ ትዕይንቱን የሚያስረዳ አጭር ጽሑፍ ይዟል። በቀይ ልብ አስ ላይ ሤራው በሮም በጳጳሱና በካርዲናሎቹ ሲጠነሰስ እናያለን፤ ከዚያ ካርታ በካርታ ታሪኩ ይቀጥላል፤ ጉባኤው፣ ደብዳቤው፣ የዳኛ ኤድመንድ ቤሪ ጎድፍሪ መገደል፣ ክሱ፣ ስቅላቱ። ሃምሳ ሁለቱን በቅደም ተከተል ያነበበ ሰው አንድ ሙሉ የፍርድ ቤት መዝገብ ያነበበ ያህል ይሰማዋል።

ጣጣው መዝገቡ የሐሰት መሆኑ ነው። ታይተስ ኦትስ የተባለ ሰው በ1678 ካቶሊኮች ንጉሥ ቻርልስ 2ኛን ሊገድሉ ተማምለዋል ብሎ የፈጠረው ወሬ ነበር፤ ቃሉን ተቀብሎ የነበረው ዳኛ ጎድፍሪ በዚያው ዓመት በኦክቶበር ሞቶ መገኘቱ ወሬውን እውነት አስመሰለው፤ በዳኛው ሞት የተከሰሱ ሦስት ሰዎች በቀጣዩ ዓመት ሲሰቀሉ፣ በሤራው ስም ደግሞ ሌሎች ብዙዎች ያለ ጥፋታቸው ተገደሉ። ኦትስ በሐሰት መማል ወንጀል የተፈረደበት በ1685 ነው። ካርታው ግን የታተመው በ1679 ስለሆነ የኦትስን ቃል እንደ ወረደ ያምናል፤ ከመጠጥ ቤት ጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ያዛመተውም ያንኑ ውሸት ነው።

እዚህ ላይ የኡራ ኪዳነ ምሕረትን የግድግዳ ሥዕሎች ያየ አንባቢ አንድ ልዩነት ያስተውላል። በእኛ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ክፉው ሰው በጎን ዞሮ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል፤ ማንበብ የማይችል ምእመንም በዳዩን ከተበዳዩ ወዲያው ይለያል። ባርሎ ግን ሁሉንም አንድ ዓይነት ካባና አንድ ዓይነት ሰፊ ባርኔጣ አልብሷቸዋል፤ ማን ሤረኛ፣ ማን ንጹሕ እንደሆነ የሚናገረው ከሥር ያለው ጽሑፍ ብቻ ነው። ስለዚህ የዚህ ካርታ ፖለቲካ ያለው በጽሑፉ ላይ ሲሆን፣ ዳግም ኅትመቱ የተበላሸውም እዚያው ላይ ነው። አሳታሚው ካርታውን በዛሬው መጠን ለማስገባት ሲያሳንሰው ጽሑፉ ያለ አጉሊ መነጽር የማይነበብ ሆኗል፤ ከጥቅሉ ጋር የመጣው ማብራሪያ ወረቀት ደግሞ ካርታው “በንጉሡ ላይ የተጠነሰሰውን ሤራ ታሪክ” እንደሚናገር ከገለጸ በኋላ ሤራው ፈጽሞ ያልነበረ መሆኑን ሳይጠቅስ ያልፋል። አንድ የዋህ ገዢ ይህን ይዞ ቤቱ ቢገባ ከ1679 የመጠጥ ቤት ደንበኛ የተሻለ አያውቅም። ሰዎችን ለሞት ያበቃ ውሸት በዳግም ኅትመት ሲወጣ ማብራሪያው ከሥዕሉ እኩል ሊታሰብበት ይገባ ነበር። ታሪኩን አስቀድሞ ለሚያውቅ ሰው ግን ሥዕሎቹ ብቻቸውን ገንዘቡን ያወጣሉ።

የኢራቁ ካርታ ብዙ ቃል አያስፈልገውም። የአሜሪካ መከላከያ የስለላ ድርጅት ያዘጋጀው ይህ ጥቅል በኤፕሪል 2003 ኳታር ውስጥ በተሰጠ መግለጫ ይፋ ሲሆን፣ ዓላማው ወታደሮች በትርፍ ሰዓታቸው እየተጫወቱ የተፈላጊ ባለሥልጣናትን መልክና ስም እንዲለምዱ ነበር። ሳዳም ሁሴን የጥቁር ልብ አስ ነው፤ ልጆቹ ቁሳይና ዑደይ የአበባና የቀይ ልብ አስ ናቸው፤ ታሪቅ አዚዝ የጥቁር ልብ 8 ነው፤ በመካከላቸው ያለችው ብቸኛ ሴት ሁዳ አማሽ የቀይ ልብ 5 ላይ ትገኛለች። ፎቶግራፍ ላልተገኘላቸው ሰዎች ጥቁር ጥላ ብቻ ታትሟል። ከሁለቱ ጆከሮች አንዱ የዐረብ የክብር ስሞችን፣ ሌላው የኢራቅ ጦር ማዕርጎችን ይዘረዝራል። በጦርነቱ ሰሞን ዓለም ሁሉ በቴሌቪዥን ያየው የማስታወቂያ ሚኒስትሩ አል ሰሐፍ ግን ከጥቅሉ ውስጥ የለም፤ ከእኛ መካከል አንድ ሰው ምሽቱን ሙሉ ሲፈልገው ነበር።

ይህ ካርታ ከሌሎቹ የሚለየው ከበስተኋላው ክርክር ስለሌለው ነው፤ የሥልጣን ደረጃን በካርታ ደረጃ ላይ ገልብጦ ያስቀመጠ የመያዣ ትእዛዝ ነው። ሆኖም ያ ደረጃ አሰጣጥ ራሱ የሚነበብ ነገር አለው፤ ማን አስ፣ ማን 2 ቁጥር እንደሚሆን የወሰነው የጠላት ወገን ስለሆነ፣ ጥቅሉ የሚያሳየው የባግዳድን መንግሥት ሳይሆን ዋሽንግተን ያንን መንግሥት እንዴት እንደገመተችው ነው። የእኔ ቅጂ በኅትመት በኩል ምንም አይወጣለትም፤ ፊቶቹ ደብዛዛ ናቸው፤ ዋናውም እንዲሁ ደብዛዛ ስለነበር ይህን ጉድለት ብዬ አልቆጥረውም። የማላልፈው ማሸጊያው ላይ “ዋናው” ተብሎ መጻፉን ነው። መጀመሪያ የታተሙት 200 ያህል ጥቅሎች ብቻ እንደነበሩ በወቅቱ ተዘግቧል፤ ከዚያ በኋላ ማንም አታሚ ምስሎቹን ከኢንተርኔት እያወረደ በብዛት አትሟቸዋል። ስለዚህ “ዋናው” በሚለው ቃል ምክንያት አንድ ብር እንኳ መጨመር አይገባም፤ እንደ ተራ ካርታ ከተሸጠ ግን ይገዛ።

በጨዋታ ላይ የተሻለው፣ የሚያሳዝን ቢሆንም፣ ይኸው የኢራቁ ነው። ላዩ በፕላስቲክ የተሸፈነ ስለሆነ በቀላሉ ይበወዛል፣ ቢረጥብም በጨርቅ ይጠረጋል። የእንግሊዙ ካርታ የምልክቱ መጠን ትንሽ በመሆኑ በምሽት መብራት አበባውን ከጥቁር ልብ መለየት አስቸጋሪ ነው፤ ሽማግሌዎች ፈጽሞ አይሞክሩት። የፈረንሳዩን ካርታ በእጅ እንደ ማራገቢያ ጠበብ አድርጎ መያዝ አይቻልም፤ ማዕዘኑ ላይ ምልክት ስለሌለው እያንዳንዱን ካርታ እስከ መሐሉ መግለጥ ያስፈልጋል፤ አጠገብ የተቀመጠው ሰው ደግሞ አብሮ ያያል። ዋጋውን በተመለከተ የፈረንሳዩ የሰብሳቢ ጥቅል ብቻውን የሁለቱን ድምር ያህል ያስወጣል፤ እኔ ደግሜ ልግዛ ብባል የምገዛው እሱኑ ነው።

በሐይቁ ዳር የሚኖር ገዢ ሊያስብበት የሚገባው የእርጥበቱ ነገር ነው። ሽፋን የሌለው ወፍራም ወረቀት ከአየሩ ውኃ ይስባል፤ ከሰኔ ጀምሮ ባሉት ወራት የፈረንሳዩ ካርታዎች እንደ ቆርቆሮ ጎብጠው ጠረጴዛ ላይ አልተኛ ብለው ነበር። በሁለት ጠፍጣፋ እንጨት መካከል አድርጌ ከበድ ያለ መጽሐፍ ጫንኩባቸውና ከቀናት በኋላ ተቃኑ፤ ከዚያ ወዲህ ክዳኑ በደንብ በሚገጥም ቆርቆሮ ውስጥ፣ ከአዲስ ጫማ ካርቶን ያወጣኋትን እርጥበት መጣጭ ከረጢት ጨምሬ አስቀምጣቸዋለሁ። ከውኃው አጠገብ ባሉት መዝናኛዎች ከቤት ውጭ ለመጫወት ያሰበ ሰው የኢራቁን ይዞ ይውጣ፤ የፈረንሳዩን የሚያስመጣም ከተቻለው ከመስከረም በኋላ ያስመጣው፤ ማሸጊያው በደረቅ አየር ቢከፈት ይሻላል።